እናቴ በመስታወት ቤቱ የተነሳችው ፎቶ

በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ የእረፍት ቀኔ ረቡዕ ነበር። በምንኖርባት በአሽዶድ ሌላው ሰው በእረፍቱ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ እኔ ካሜራዬን አንግቤ በአውቶቡስ ቴል አቪቭ እሄድና በእጽዋት መናፈሻው የመስታወት ቤት ውስጥ ካዳኒት ፎቶ አነሳ ነበር። ካዳኒት የሞቃት አገር ተክል ናት። ከቅጠሏ ጫፍ ክዳን ያለው ትንሽ ገንቦ ይንጠለጠላል። የገንቦው አፍ ይጣፍጣል፤ ዝንቡ ሊልስ ሲመጣ ያንሸራትተውና ውስጥ ካለው ውሃ ይገባል፤ እዚያው ትበላዋለች። ቤተሰቤ ይህን ሲሰማ መሳቂያ አደረገኝ። አጎቴማ፣ የአባቴ ወንድም፣ ባገኘኝ ቁጥር «ዝንቦችሽ እንዴት ሰነበቱ?» ይለኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ማታ ያው አጎቴ ደወለልኝ። አልቀለደም። የእናቴ ወንድም ጎንደር ላይ ሞቷል። ታናሿ ነው፤ አዝላ ያሳደገችው። ወደ እኛ ለመምጣት ፈቃድ ሲጠብቅ ዓመታት አልፈውታል። እናቴ ሮቫ ሔት በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ለእሱ የሚሆን ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ አስቀምጣለት ነበር።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻዋን ላለች ሴትም አይነገርም። ሽማግሌዎቹና ዘመድ ከናታንያና ከሬሆቮት እስኪሰበሰቡ ድረስ እስከ ነገ ማታ መቆየት ነበረበት። እስከዚያ ደግሞ ወሬው ከተማውን ማዳረሱ አይቀርም፤ አንዷ ደውላ ካለቀሰችባት አለቀ።

«ነገ ረቡዕ ነው፤ ሆፌሽ አለሽ አይደል?» አለኝ አጎቴ። «ወደ ዝንቦችሽ ይዘሻት ሂጂ። ፔሌፎኗን እንዳትይዝ። ሳይመሽ እንዳትመልሻት።»

«እኔ አልችልም፣ ጋሼ። ሌላ ሰው ይፈልጉ። ፊቴን አይታ ታውቅብኛለች።»

«ካሜራሽን ፊትሽ ላይ አድርጊዋ!»

ወጉን አልጠላሁትም። እኔን መምረጣቸው ግን አንገበገበኝ።

ጠዋት ፔሌፎኗን፣ የእጅ ስልኳን፣ ከሶፋው ትራስ ሥር ሸሸግሁት። ቤቱን ሁሉ አተራመሰች። «ተይው እማዬ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል» አልኳት። አዲሱን ነጠላዋን ለበሰች። ደረጃው ላይ ጎረቤታችንን ስናገኛት «ልጄ ልታዝናናኝ እየወሰደችኝ ነው» ብላ ተኩራራችባት። ጎረቤታችን ሰምታለች መሰለኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እኔም እንደዚያው።

መስታወት ቤቱ ውስጥ እንደ ገባን ሌንሱ እንፋሎት ለበሰ። ሁልጊዜ እስኪጠራ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እናቴ ግን ካሜራውን ነጥቃ በነጠላዋ ጠርዝ ጠረገችልኝ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ ገንቦዎቹን ስታይ የልጅነቷን ያገኘች ያህል ደስ አላት። «ከንፈሯን እንዴት አድርጋ አዞረችው! ደግሞ ክዳን!» እያለች ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳለች። አንዱን ብርሃኑ ከጀርባው ሲመጣ አነሳሁና አሳየኋት። በገንቦው ግድግዳ አልፎ ታች የተጠራቀመ ጥቁር ነገር ይታያል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የገቡት ዝንቦች ናቸው።»

«ሲገቡ አያዩም እንዴ?»

«የሚጣፍጥ ነገር ታስቀምጥላቸዋለች።»

«ወይ ግፍ!» አለች። «አታላ ነዋ የምትወስዳቸው።»

ኀፍረት ፊቴን አቃጠለኝ። እሷ የቤቱ ሙቀት መስሏት ከቦርሳዋ ውሃ አውጥታ ሰጠችኝ። ጠጣሁት።

ትንሽ ቆይታ «ፔሌፎኔን ይዤ ቢሆን ለወንድሜ እደውልለት ነበር» አለች። «ቅጠል ዝንብ ሲበላ አየሁ ብለው መቼም አያምነኝም። በይ አንሺኝ፤ ጎንደር የሚሄድ ሰው ሲገኝ እንልክለታለን።»

እናቴ ፎቶ ስትነሳ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ድርቅ ትል ነበር። ያን ቀን ሻሿን አስተካክላ ከትልቁ ገንቦ አጠገብ ቆመች፤ «ከሳች እንዳይል» ብላ ጉንጮቿን ነፋችና በራሷ ሥራ ሳቋ መጣ። ልነግራት አፌን ከፈትሁ። «ትንሽ ወደ ግራ» አልሁ። የመጀመሪያው ስለደበዘዘ ደግሜ አነሳኋት። እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ይኼ ነው፤ በዚያች ሰዓት ፎቶው እንዲያምርልኝ ፈልጌ ነበር።

ስንመለስ መሽቷል። ከሕንጻችን በር ፊት ወንዶች በፕላስቲክ ወንበሮች ተቀምጠዋል። ሲያዩን ተነሱ። አጎቴ ከፊት ቆሟል። እናቴ እርምጃዋን ገታች። «ማን ነው?» አለች። ማንም ከመመለሱ በፊት ወደ እኔ ዞረች።

«ፔሌፎኔ» አለች በቀስታ።

ከዚያ በኋላ ለቅሶው ሆነ።

የሐዘኑ ቀናት ካለፉ በኋላ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ወጉ ነው፤ አንቺ ምን ታደርጊ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፎቶውን ማየት ስላልቻልሁ ኮምፒውተር ውስጥ ቀበርሁት፤ ማጥፋትም አልሆነልኝም። ወራት አልፈው አንድ ቀን ሰሃን እያጠበች፣ ሳትዞር፣ «ያ ፎቶ የት ደረሰ?» አለችኝ። አሳጥቤ አመጣሁላት። እጇን አደራርቃ ወሰደችና መስኮቱ ጋ ሄዳ አየችው።

«ስታነሺኝ ታውቂ ነበር።»

«አዎ፣ እማዬ። ከፈለግሽ ልቅደደው።»

እዚያ ገንቦው አጠገብ የምትስቀውን ሴት በጣቷ ነካ አደረገቻት።

«እሷ ገና አልሰማችም» አለች። «ተያት፣ ትሳቅ።»