ለጋሼ ያልጻፍኩት ታሪክ

ሰኔ ሲገባ ከባሕሩ የሚነሳው የጠዋት ጉም አንዳንድ ቀን እስከ ሰፈራችን እስከ ፌርፋክስ ድረስ ይመጣል። ሱቄን ልከፍት ጎንበስ ስል ጨው ጨው የሚል እርጥብ ሽታ ይሸተኛል፤ ያኔ ቁልፉን እንደያዝኩ ትንሽ እቆማለሁ። የጎረቤቴ ፀጉር ቤት ባለቤት "ዛሬም ቁልፉ አስቸገረሽ?" ትለኛለች። አዎ ብያት እገባለሁ። እንዲህ ባለው ጠዋት ጋሼ መስኮቱን አስከፍተውኝ "ባሕሩ መጥቷል" ይሉ ነበር።

ጋሼ የአገሬ ሰው አልነበሩም። ፊሊፒናዊ ናቸው። ከዚህ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ አፓርትመንት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በዲቪ መጥቼ አክስቴ ዘንድ ተጠግቻለሁ። ሥራውን ያገኘችልኝም አክስቴ ናት። "ልጅየዋ ዳውንታውን ነው የምትሠራው፤ ቀን ቀን አባቷን ኬር የሚያደርግ ሰው ትፈልጋለች። ሶ፣ እዚያው ቁጭ ብለሽ ለፈተናሽ ታጠኚያለሽ" አለችኝ። ፈተናው ነርስ ረዳት ለመሆን የሚወሰደው ነው። አንዴ ወድቄበት ነበር።

ሽማግሌን በስም መጥራት ስለከበደኝ በመጀመሪያው ቀን "ጋሼ" አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ለታላቅ ሰው የምንለው ነው አልኳቸው። ማታ ልጃቸው ስትገባ "ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ ነኝ" አሏት። ክፍላቸው የሚታሹበት የካምፎር ቅባት ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመጋረጃው ቀዳዳ ገብታ ጉልበታቸው ላይ ታርፋለች፤ እሳቸውም እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስለ ከተማቸው ያወሩኛል።

የተወለዱት በአንዲት ደሴት ጠረፍ ላይ ባለች የገጠር ከተማ ነው። ፊት ለፊቷ ባሕር፣ ጀርባዋ የኮኮናት ዛፍ። ስሟን እዚህ አልጠራም፤ የመጥራት መብት ያለኝ አይመስለኝም።

"ስለ ስሟ አመጣጥ ሁለት ዓይነት ነገር ያወራሉ" አሉኝ አንድ ቀን። "ቀሳውስቱ አንድ ይላሉ፣ ትምህርት ቤቱ ሌላ ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እውነተኛውን የነገረችኝ አያቴ ናት። ማዘጋጃ ቤቱ እንኳ አያውቀውም። እኔ ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ጻፊልኝ።"

"እንግሊዝኛዬ ለጽሕፈት አይሆንም፣ ጋሼ።"

"በራስሽ ፊደል ጻፊው። ኋላ ለልጄ ታነቢላታለሽ።"

ልጃቸው ጠንካራ ሽፋን ያለው ሰማያዊ ደብተር ገዝታ መጣች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በእውነት ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች በእንጨት እግር ላይ እንደቆሙ፣ ዓሣ አጥማጆቹ በየትኛው ነፋስ እንደሚወጡ፣ ባሕሩ ሁለት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን ወስዶባቸው ሰፈሩን ወደ ውስጥ እንዳሸሹት። አራት ገጽ ሞላ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ስሙ ደረሱ። መርከብ መጣ፣ ባዕዳን ወረዱ፣ ባሕሩ ዳር ያገኟትን ሴት "ይህ አገር ማን ይባላል?" ብለው ጠየቋት አሉ። ፈተናዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሴትዮዋ ምን እንደመለሰች ሲነግሩኝ እኔ በደብተሩ ላይ የማጠናውን እየጻፍኩ ነበር። የትንፋሽ ቁጥር። የደም ግፊት። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። እሳቸው የሚያዩት እጄ ሲንቀሳቀስ ነው። በየመሃሉ "ኦኬ፣ ጋሼ" እላለሁ። ቃል እንዳያመልጠኝ ብለው ቀስ እያሉ፣ አንዳንዱን እየደገሙ ይነግሩኝ ነበር። ለሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

አንድ ቀን "እስቲ ትናንት የጻፍሽውን በቋንቋሽ አንብቢልኝ። ባይገባኝም ድምፁን ልስማው" አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ስለ አልጋ ቁስል የጻፍኩትን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ተረት እንደሚነግር ሰው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ "ቆንጆ ነው" አሉ። ዛሬም ይህን ሳስብ፣ ብቻዬን ብሆን እንኳ፣ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ።

ፈተናውን አለፍኩ። ከሁሉም በላይ የተደሰቱት እሳቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳይወጣ በሳምባ ምች ሞቱ።

በእነሱ ልማድ ሰው ሲሞት ዘጠኝ ቀን ይጸለያል። በዘጠነኛው ቀን ቤቱ በዘመድ ሞልቶ ሳለ ልጃቸው ደብተሩን አመጣችና "አባቴ አንቺ ታነቢልናለሽ ብሎኛል" አለችኝ። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ሁሉም ሰው ያየኛል። አራቱን ገጽ እየተረጎምኩ አነበብኩ። አምስተኛውን ስገልጥ የደም ግፊት የሚለው መጣ። እኔም ገጹን እያየሁ ከራሴ ፈጠርኩ። ሴትዮዋ ባሏ ከባሕር ሳይመለስ ቀርቶባት ስሙን ትጠራ እንደነበር፣ ባዕዳኑም የአገሩ ስም መስሏቸው እንደጻፉት ተናገርኩ። ሰው አለቀሰ። ልጃቸው አቅፋኝ "አያቱ የነገረችው ይሄ ነው ማለት ነው" አለችኝ። "አዎ" አልኳት።

እሷም በእንግሊዝኛ ጽፋ ለአባቷ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ላከችው። ከዓመታት በኋላ ከበሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ እንዳስጻፉት ሰማሁ። ሴትዮዋን እጇን ወደ ባሕሩ ዘርግታ ስለዋታል። በነርስ ረዳትነት ብዙ ሠርቼ ይህችን የቅመም ሱቅ እስክከፍት ድረስ ልጃቸው በየበዓሉ ትደውልልኝ ነበር።

ባለፈው ወር ሱቄ ድረስ መጣች። ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጡ የአባቷን የአጎት ልጅ ይዛለች፤ ሰማንያ አምስት ያለፋቸው ቀጭን ሴት። ወንበር ሰጠኋቸው። እጄን ይዘው በቋንቋቸው ብዙ ተናገሩ፤ የጋሼ ልጅ ተረጎመችልኝ።

"ታሪካችንን ስላዳንሽልን ታመሰግንሻለች። እሷ ልጅ ሆና ከዚያችው አያት የሰማችው ሌላ ነበር። ግን አባቴ ታላቋ ነው፤ የተማረም ነው፤ የሚያውቀው እሱ ይሆናል ብላ የራሷን ትታዋለች።"

"ምን ነበር የሰሙት?" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አሮጊቷ ብዙ አሰቡ። ወለሉን አዩ፤ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጠፋኝ ትላለች። ለልጅ ልጆቿም የምትነግረው የግድግዳውን ነው።"

ሊሄዱ ሲነሱ እስከ መኪናው ሸኘኋቸው። አሮጊቷ ከኋላ ሲገቡ ቀበቷቸውን አሰርኩላቸው። የጋሼ ልጅ መሪውን እንደያዘች በመስኮቷ በኩል ጎንበስ ብዬ ነገርኳት። አባትሽ ሲናገሩ አልጻፍኩም፤ ለፈተናዬ እያጠናሁ ነበር፤ የባሏን ነገር እኔ ነኝ የፈጠርኩት አልኳት። ከኋላዋ የቆመ መኪና ጡሩምባ ነፋ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

"ለእሷ አትንገሪያት" አለች በመጨረሻ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር። ቀጥላም "በእውነት የጻፍሽው ስንት ገጽ ነው?" አለችኝ።

"አራት።"

"እሁድ መጥተሽ አንብቢልኝ።"

እሁድ ሄድኩ። ሰማያዊው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነበር። የራሴ የእጅ ጽሑፍ የልጅ መሰለኝ። ስለ ቤቶቹ የእንጨት እግር፣ ስለ ነፋሱ፣ ባሕሩ ስለወሰደው ቤተ ክርስቲያን፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳልጨምር አነበብኩላት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አባቷ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ፣ ሽበቷን ወደ ኋላ አስራ፣ እንደ ልጅ ትሰማኝ ነበር። አራተኛው ገጽ አለቀ፤ የሚቀጥለው ስለ ደም ግፊት ነበር።

"ከዚያስ?" አለችኝ።