እትዬ ብርነሽ ሚስ ታንን ሲያስተምሩ

ከአገር በወጣሁበት ሌሊት፣ በመተማ በኩል የሚያሻግረን ሰውዬ ሬዲዮዬን እንድጥል አዘዘኝ። ባትሪውን አውጥቻለሁ፣ ድምፅ አያሰማም አልኩት።

«ባትሪ የሌለው ሬዲዮ ምን ያደርግልሃል?»

አልጣልኩትም፤ ልብሴ ውስጥ ሸሸግኩት። አስተማሪ ነበርኩ። ያሰደደኝም አስተማሪነቴ ነው፤ በዚያ ዘመን አስተማሪን የማይጠረጥር ወገን አልነበረም። ሬዲዮው ገዳሪፍ ላይ በዳቦና በባቄላ ፉል ተለወጠ። እኔ ደግሞ ካርቱም ብዙ ከርሜ ሎስ አንጀለስ ስገባ፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ጥቂት ሠርቼ፣ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ የሚሠራበት ፋብሪካ ተቀጠርኩ።

አገር ቤት «ኤሌክትሮኒክስ ገባ» ሲባል መሐንዲስ የሆንኩ እንደመሰላችሁ ሰምቻለሁ። የአበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ፌርፋክስ አጠገብ ያለው ቤት አከራዬም መስሎት ነበር።

«ኤሌክትሮኒክስ ከሆንክማ ቴሌቪዥኔን ጠግንልኝ» አለኝ።

«አልችልም። እኔ የማስረው አንድ ሽቦ ነው።»

«ሌላውን ማን ያስረዋል?»

«አላውቀውም። ተዋውቀን አናውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ያየኝ ነበር። አልፈርድበትም።

የዚህ አገር መጻሕፍት የኢንዱስትሪውን ልደት ሲተርኩ ሁለት ጎረምሶችን በአንድ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጠው ይጀምራሉ። እኔ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ከመኪና ሌላ ነገር ሲወጣ አላየሁም። ከጠረጴዛዬ ሆኜ ያየሁት ታሪክ ሌላ ነው። መጀመሪያ መንግሥት ለጦር አውሮፕላንና ለሚሳይል ገንዘብ አፈሰሰ። የብርቱካን ዛፎች ተነቅለው መስኮት የሌላቸው ፋብሪካዎች በቦታቸው በቀሉ። ከዚያ እጅ ተፈለገ። አስቀድሞ የሰፈሩ ነጭ ሴቶች፣ ቀጥሎ ሜክሲኮዎች፣ ቀጥሎ ቬትናሞች፣ በመጨረሻ እኛ። እጁ እየረከሰ ይሄዳል። ከእኛም የረከሰ ሲገኝ ፋብሪካው ራሱ ተነስቶ ይሄዳል።

ሥራችን በማይክሮስኮፕ እያየን፣ ከጥፍር ያነሰችውን ቺፕ ከፀጉር በቀጠነ የወርቅ ሽቦ ከብረት እግሮቿ ጋር ማያያዝ ነበር። ከጎኔ የሚቀመጡት እትዬ ብርነሽ ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንዲት ልጃቸው ሰናይት ካርቱም የቀረችባቸው ሴት። ልጅቱን ለማስመጣት ለኢሚግሬሽን ቋሚ ሥራ እንዳላቸው ማሳየት ነበረባቸው። ሥራው ካለ ልጅቱ ትመጣለች፤ ከሌለ አትመጣም። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘራችን ሚስ ታን የምትባል ልጅ ይዞ መጣ። ከማሌዢያ ናት። «ለትሬኒንግ ነው፤ ሁሉንም ነገር አሳዩዋት» አለና እትዬ ብርነሽ ጎን አስቀመጣት። ፊት ለፊታችን የምትሠራው ቬትናማዊቷ ቱይ ወዲያው እጇን አዘገየች። ሁለት ፋብሪካ ተዘግቶባታል፤ ሁለቱም ከመዘጋታቸው በፊት እንዲህ ያለ ሠልጣኝ መጥቶ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብላ «ለአሮጊቷ ንገራቸው። ይቺ ልጅ ወንበራቸውን ልትወስድ ነው የመጣችው» አለችኝ።

ነገርኳቸው።

«ወንበሩን ተሸክማ ማሌዢያ ልትገባ ነው?»

«እትዬ፣ አልቀለድኩም። ግማሹን ያሳዩዋት፣ ግማሹን ይተዉት።»

«እንግዳ ግማሽ በልቶ ይሸኛል እንዴ? ደግሞ አንተ ሞኝ ነህ። የሚያስተምር ሰው ይባረራል? አስተማሪ አድርገውኛል እኮ። ከእንግዲህ አይነኩኝም።»

አስተማሪ ምን እንደሚደረግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ደስ ብሏቸው ነበር፤ ምሳዬን ቀጠልኩ።

አስተማሯት። ክርን የት እንደሚያርፍ፣ ትንፋሽ መቼ እንደሚያዝ፣ ሽቦው ሊበጠስ ሲል በጣት እንዴት እንደሚታወቅ። አንዴ ሆን ብዬ አሳጥሬ ተረጎምኩ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«እኔ ያን ያህል ተናግሬ አንተ ይቺን ብቻ?»

«እንግሊዝኛ አጭር ነው፣ እትዬ።»

«ከቤት አከራይህ ጋር በኪራይ ስትከራከር ስሰማህ አጭር አልነበረም። ድገመው።»

ደገምኩት።

ሚስ ታን ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ፌርፋክስ ወስደው ጋበዟት። እንጀራው ከቂጣና ከስፖንጅ መሀል ነበር፤ ጤፍ ከሌለ ከዚህ የተሻለ አይወጣም። እትዬ ብርነሽ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉላት። ሚስ ታን እጃቸውን አየች፤ አፏን አልከፈተችም።

«ማሌዢያ ያለው ፋብሪካ ተሠርቶ አልቋል፤ የእናንተ ሥራ ወደዚያ ይሄዳል። እኔ እዚያ የማስተምር ነኝ። አለቆቹ ለእሳቸው አልነገሯቸውም?» አለችኝ።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ብርነሽ፣ እጃቸው አየር ላይ እንዳለ።

ጠግቤያለሁ ትላለች አልኳቸው።

«ሳትበላ? ጉረሺ በላት እንጂ።»

ጎረሰች። እያኘከች እንባዋ መጣ። እትዬ ብርነሽ በርበሬው ነው ብለው ውኃ አስመጡላት።

ፋብሪካው ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ቱይ በሩ ላይ ሰላም ብላን ሌላ ፋብሪካ ፍለጋ ሄደች፤ እኔ ወደ ፓርኪንጉ ተመለስኩ። እትዬ ብርነሽ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ሲጠሩዋቸው ብቻ አንሶላ ይቀይራሉ። ሲጠሩት ብቻ የሚሠራ ሰው ልጅ አያስመጣም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእኔ ቤት ወደ ካርቱም ደወሉ።

«ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው። አስተማሪ አድርገውኛል ብዬሽ የለ? ... ወረቀቱማ ይደርሳል። ቆይ፣ ጋሼ ተሾመ ያስረዳሽ።»

ስልኩን እጄ ላይ ጥለው ጠረጴዛው ዳር ተቀመጡ። ክርናቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ፤ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ልክ በፋብሪካው ያደርጉት እንደነበረው።

«ጋሼ፣ ለክረምቱ እደርሳለሁ?» አለች ሰናይት።

ድምፅዋ ከሚቀጥለው ክፍል እንደሚመጣ ጥርት ያለ ነበር። በዚያ ስልክ ውስጥ ያለችውን ቺፕ የማን እጅ እንዳሰራት እንጃ፤ በደንብ ታስራለች።

«መስመሩ ጥሩ አይደለም፣ ልጄ። አይሰማኝም» አልኳት።



«እኔ እኮ በደንብ እሰማዎታለሁ» አለች።