ሌላ ፈረስ አለዎት?

አዳማ በሚገኘው የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ ገመድ ነበር። የፈረስ የላይኛው ከንፈር በገመድ ተጠምዝዞ ሲያዝ ፈረሱ ጸጥ ይላል። አለቃዬ ዶክተር ሰይፉ ቁስል ሲያጥቡ እኔ ያንን ገመድ ይዤ ቆምኩ። ባለጋሪዎቹ በትከሻዬ አሻግረው እያዩ «ሐኪሙ የታለ?» ይላሉ። ሴት የፈረስ ሐኪም አይተው አያውቁም። ለመናደድ እንኳ ፋታ አልነበረኝም፤ ፈረሱ ይራገጣል።

ከሥራ በኋላ ዶክተር ሰይፉ እጃቸውን እየታጠቡ ጠየቁኝ።

«የሚያነክስ ፈረስ ሲመጣልሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አስኬጄ አያለሁ።»

«አይደለም። ባለቤቱን ሌላ ፈረስ አለህ ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ከሌለው ዕረፍት አትዘዢለት። እሱም አይፈጽመው፣ አንቺም አትሞኚ።»

ሥራ ያሰለቸው ሰው ወግ ነው ብዬ አለፍኩት። መጠየቁን ግን ለመድኩ።

በነዚያ ዓመታት የጋሪ ፈረስ ጉልበቱ ሲያብጥ የምናደርግለት ትንሽ ነበር። እንጠቀልለዋለን፣ ማስታገሻ እንወጋዋለን፣ ያዘግማል። ጭራሽ ሲያቅተው ባለቤቱ ልጓሙን አውልቆ መንገድ ላይ ይለቀዋል። በእኛ ከተሞች ያበላን ፈረስ መግደል ነውር ነው፤ መልቀቅ ግን እንደ ምሕረት ይቆጠራል። የተለቀቁት አስፋልት መሐል ይቆማሉ። መኪናው የሚያስነሳው ነፋስ ዝንቡን ያባርርላቸዋል። ከአዳማ እስከ ባቱ የተመላለሰ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል።

ወደ ክሊኒኩ የቀዶ ሕክምና ካሜራ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያገለገለ ነበር። አንድ ከውጭ የመጣ የቀዶ ሕክምና መምህር ይዞት መጥቶ ጥቂት ሳምንት አስተምሮን ሄደ። ከእርሳስ የሚቀጥን ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ መብራትና ዓይን አለው። መገጣጠሚያው ሳይከፈት በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ የውስጡን ስክሪን ላይ ያሳያል። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ዶክተር ሰይፉ ዞር ዞር ብለው አዩትና «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? ይሄም እንደዚያው ነው» አሉ። ሳቅን።

የተለማመድነው በሞቱ ፈረሶች እግር ላይ ነው። መኪና የገጨው ፈረስ አለ ሲባል ጅብ ሳይቀድመን ደርሰን እግሩን ቆርጠን እናመጣለን። ካሜራው በአንድ ቀዳዳ፣ ስባሪ የሚለቅመው መቆንጠጫ በሌላ ይገባል፤ ሁለቱ መገጣጠሚያው ውስጥ እስኪገናኙ ነው ጭንቁ። ጀማሪ እጁን ያያል። መታየት ያለበት ስክሪኑ ነው። እኔም ይህን እስክለምድ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ልም አጥንት ብዙ ጊዜ ቧጥጫለሁ።

ኦቦ ገመዳ የመጡት ዓለም ጤና ከምትባለው ከተማ ነው። ከማሳ እስከ አስፋልት ሽንኩርት የሚያመላልሱ ባለጋሪ ናቸው። በመልኩ ዳማ የሚሉትን ፈረሳቸውን በአይሱዙ ጭነው አመጡት። ወድቆ የፊት ቀኝ ጉልበቱ አብጧል። ራጅ ስናነሳው የአጥንት ስባሪ ታየ። ለካሜራው እንዲህ ያለ ፈረስ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።

«ኦቦ ገመዳ፣ ሌላ ፈረስ አለዎት? ይሄ ቢድንም ሦስት ወር ጋሪ አይስብም።»

«አለ፣ ዶክተር። የወንድሜ ፈረስ አለ። በሱ እሠራለሁ።»

ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው ያሉኝ።

ዳማን በመርፌ አስተኝተን ጭድ በሞላው ፍራሽ ላይ አጋደምነው። የጉልበቱን ፀጉር ላጨን፣ በአዮዲን አጠብን፣ መገጣጠሚያው እስኪወጠር ንጹሕ የጨው ውኃ ሞላንበት። ስባሪው ሽምብራ ያክላል። ሁለት ጊዜ ከመቆንጠጫው አመለጠ፣ በሦስተኛው ተያዘ። ውስጡን አጥበን ሁለቱን ቀዳዳ ሰፋን። ልም አጥንቱ ገና ጤነኛ ነበር፤ እንደ ተላጠ ቅቅል እንቁላል ልስልስ ብሎ ስክሪኑ ላይ አየሁት።

የምንፈራው መነሣቱን ነበር። ከሰመመን የሚነቃ ፈረስ ተንገዳግዶ እግሩን ሊሰብር ይችላል። አንዱ ራሱን፣ አንዱ ጭራውን በገመድ ይዘን ጠበቅን። ዳማ አንዴ ሞክሮ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ቆመ። ኦቦ ገመዳ አንገቱን አቅፈው «ገለቶማ፣ ዶክተር» ብለው አመሰገኑኝ። ደስታዬን አልደብቅም። ያን ቀን ሙያዬን ወደድኩት።

ስፌቱ እስኪፈታ ክሊኒክ ቆይቶ ሄደ። ወር ሳይሞላው ለክትባት ሥራ ዓለም ጤና ወረድኩ። ዳማ የሽንኩርት ጆንያ የተቆለለበት ጋሪ እየሳበ፣ እያነከሰ ከፊቴ መጣ። መኪናውን አስቆምኩ።

«የወንድምዎ ፈረስስ፣ ኦቦ ገመዳ?»

መሬት መሬት አዩ። «ወንድሜ ፈረሱን ሸጦ ባጃጅ ሥራ ውስጥ ገብቷል። ቆየ እኮ።»

«ታዲያ ለምን አለ አሉኝ?»

«ዶክተር፣ የለኝም ብልዎት ይሠሩለት ነበር?»

አልሠራለትም ነበር።

«ሦስት ወር ልጆቹ ምን ይበላሉ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሻል ሲለው ቀስ አድርጌ እነዳዋለሁ ብዬ ነው።»

ጉልበቱን ዳሰስኩት። ይፋጃል። ሳጥፈው ይንኮሻኮሻል። ያ ልስልስ ያለው ልም አጥንት ተልጦ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል፤ ይህን ካሜራ አይመልሰውም። ሳይሠቃይ በመርፌ እንዲሞት እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅኳቸው።

«ያበላኝን ፈረስ? አይሆንም፣ ዶክተር። ፈጣሪ ያውቅለታል።»

አዳማ ስመለስ ዶክተር ሰይፉን የተካውን ኃላፊ፣ ለምናክምላቸው ባለጋሪዎች የምናውሰው ፈረስ እንዲገዛ ለመንኩት። «እኛ እናክማለን እንጂ ፈረስ አናውስም» አለኝ። ካሜራው ቁም ሣጥን ገባ።

ከክረምት በኋላ ወደ ባቱ ስሄድ አስፋልት መሐል አንድ ዳማ ፈረስ ቆሞ አየሁ። አጥንቱ ይቆጠራል። በፊት ቀኝ እግሩ አይረግጥም። ጉልበቱ ላይ ሁለት ትናንሽ ነጭ ነጥቦች አሉ። ቆዳ የተበሳበት ቦታ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ሁለቱንም የበሳሁ እኔ ነኝ።

ወደ መንገዱ ዳር ስስበው አልተቃወመኝም። የመድኃኒት ሣጥኔን ከመኪናው አወረድኩ። አንድ ባለባጃጅ ቆሞ «የማን ነው?» አለኝ።

«የኔ ነው» አልኩት።

የዳማን አንገት ይዤ የመጨረሻውን መርፌ ወጋሁት። ጉልበቱ ታጠፈ፣ ቀጥሎ ተኛ። ባለባጃጁ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። አለቀስኩ።

ለምትተኩኝ የምለው ይህንኑ ነው። ጉልበት ከመንካታችሁ በፊት ሌላ ፈረስ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አለ ካሏችሁ ሄዳችሁ እዩት።