የዘርፉ ሻርፕ

ዘርፉ የወንድሟን ልጅ ባል በሻርፕ አነቀችው የሚለው ወሬ በሾፌሮች አፍ ከአዳማ ተነስቶ ሻሸመኔ እስኪደርስ በየከተማው ጭነት ሲጨምር ነው የሄደው። ሞጆ ላይ ሻርፑ ገመድ ሆነ። መቂ ላይ ሰውየው ራሱን ስቶ ወደቀ። ባቱ ላይ ሽማግሌዎችም አብረው ተደበደቡ። ሻሸመኔ ሲገባማ ነፍስ ይማር ያሉም ነበሩ።

ውሸት ነው። ዘርፉ ማንንም አላነቀችም። ሻርፑን ከአንገቷ ማውለቋ ግን እውነት ነው።

ዘርፉን ሰፈርተኛው «ሳንሱር» ይላታል፤ በፊቷ አይደለም፣ ማን ደፍሮ! ቅዳሜ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ቤቷ ተሰብስበው ይጸልያሉ፤ ጸሎቱ ሲያበቃ የፍቅር ፊልም ያያሉ። ፊልሙን የምትመርጠው እሷ ናት። አስቀድማ ብቻዋን ታየዋለች። ስካር ካለበት ይወድቃል፣ ጠንቋይ ካለበት ይወድቃል፣ በሠርግ ወይም በዕርቅ ካላለቀማ ወሬውም አይነሳ። ፍላሽ ላይ የሚጭንላት ኑሬ፣ የመናኸሪያው ባለሱቅ፣ ስትመጣ ገና ከሩቅ ነው የሚያልበው።

«እትዬ ዘርፉ፣ ይሄኛው ንጹሕ ነው። እንኳን ሊሳሳሙ እጅ ለእጅም አይያያዙ።»

«ባሏን ጥላ ትሄዳለች?»

«እ... መጨረሻ ላይ ትሄዳለች። ግን ሰውየው አውሬ ነው'ኮ!»

«ጥላ የምትሄድ ሴት ቤቴ አትገባም። ሌላ አምጣ።»

«እኔ ሙስሊሙ እንኳን እንደ እርስዎ አላጠብቅም፣ ወላሂ!»

እንዲህ ተጣርቶም ቢሆን ፊልም ፊልም ነው፤ አንድ ሁለት ቦታ መሳሳም አይጠፋውም። ያን ጊዜ ዘርፉ ብድግ ትልና ሻርፗን አውልቃ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ትዘረጋዋለች። ድምፁን ግን ምን ታድርገው?

«ዘርፍዬ፣ ጨረሱ ወይስ ገና ናቸው?» ትላለች ጎረቤቷ ኤቢሴ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጸልዪ!»

«እየጸለይኩ ነው፣ ቶሎ እንዲጨርሱ!»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሲና፣ እናቷ ስትሞት ዘርፉ ወስዳ ያሳደገቻት የወንድሟ ልጅ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ከሁሉም በላይ ትስቃለች። የእሷ ዓይን ግማሹ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ግማሹ አክስቷ ላይ ነው። አክስቷ ከተነሳች መጥፎ ነገር ሊመጣ ነው። አክስቷ ከተቀመጠች ደግሞ ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ሴቶቹ ደጋግመው የሚያስከፍቱት አንድ ፊልም ነበር፤ በአማርኛ የተመለሰ የውጭ ፊልም። ባልየው ሀብታምና ቁጡ ነው። ሚስቱን በጥፊ ያጮላታል፣ ምግቡን ከነሳህኑ ግድግዳው ላይ ይፈጠፍጠዋል። እሷ ትታገሣለች፣ ትጸልያለች። በመጨረሻ ዝናብ እየወረደበት ይንበረከክና እግሯን ይዞ ያለቅሳል። ጥፊው ሲመጣ ሴቶቹ «አይዞሽ እህቴ፣ ታገሺ!» ይሏታል፣ የምትሰማቸው ይመስል። ዘርፉ ግን አትነሳም። ሻርፑም ከአንገቷ አይወርድም።

ሲና አድጋ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ገባች። ዘርፉም ፊልም እንደምትመርጠው ባል መረጠችላት። ለሚ የመዘምራን አባል ነው፤ በከባድ መኪና ሻሸመኔ ይመላለሳል። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ እስከ ሠርጉ ቀን የልጅቷን እጅ አልነካም። መሳሳም የሌለበት፣ በሠርግ የሚያልቅ ሰው! ሳንሱር ዘርፉ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሲና ከንፈሯ ተሰንጥቆ መጣች። አክስቷን ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራት በኦሮምኛ ነው።

«አዳዳ፣ አልጋዬ አለ?»

አልጋው ነበር። አንሶላ ማንጠፍ ብቻ ነው የቀረው። ዘርፉ ግን ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ያንኑ ፊልም። ሁለቱ ብቻቸውን ከጥፊው እስከ ዝናቡ አዩት።

«አየሽ? ጊዜ ይፈልጋል። ጸልዪለት።»

«አዳዳ፣ ይሄ'ኮ ፊልም ነው።»

«እኔ ዝም ብዬ የመረጥኩት ይመስልሻል?»

ሲና ከንፈሯን በመሐረብ ይዛ ወደ ባሏ ተመለሰች። ዘርፉ በር ድረስ ሸኘቻት፤ ደስ ብሏት ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ከሲና ሰፈር ስልክ ተደወለ። በዚህኛው ጊዜ ሳህኑ ግድግዳው ላይ አልነበረም ያረፈው። ሐኪሞቹ የግራ ዓይኗን ማትረፍ አልቻሉም። ስፌቱ ቀረ፤ ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ይላታል። ወደ ዘርፉ ቤት መጣች፣ አልጋው ተነጠፈላት። ቴሌቪዥኑ ቡና ቀለም ጨርቅ ለብሶ ጥግ ቆመ። ሴቶቹም ቅዳሜ ጸልየው ብቻ ይሄዱ ጀመር። ኤቢሴም ቀልድ አለቀባት።

ለሚ ታስሮ በዋስ ወጣ። አንድ ቅዳሜ፣ ጸሎቱ ሳይበተን፣ ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ውጭ ዝናብ ነበር፤ በስብሷል። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ጉቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህት ዘርፉ፣ ልጁ ተሰብሯል። ሚስቱን ሊወስድ መጥቷል። እኛ ይቅር ካላልን ማን ይበል?»

ለሚ ተንበረከከ። በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ሲና እግር ሄደ፤ እያለቀሰ። ከጸጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ሴቶቹ አንድ በአንድ ማልቀስ ጀመሩ። «ጌታ ይመስገን!» አለች አንዷ። «ሃሌ ሉያ!» ተቀበለቻት ሌላዋ። ኤቢሴ አፏን በእጇ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል። ስንቴ አይተውታል!

ሲና ለሚን አላየችም። በቀረችው ዓይኗ የምታየው አክስቷን ነበር፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ታያት እንደነበረው፣ ትነሳ እንደሆነ።

ዘርፉ ተነሳች። ሻርፗን ከአንገቷ አወለቀች። ሁለቱን ጫፍ ይዛ በሲናና በተንበረከከው ሰው መሃል ዘረጋችው።

«እህት ዘርፉ፣ ምን ማድረግሽ ነው?» አሉ ጋሽ ጉቱ።

መልሷ ከአዳማ አልወጣም፤ ሾፌሮቹም አልጫኑት፣ ሞጆም መቂም አልሰሙት።

«መሳሳሙን ሁሉ ሸፈንኩላት፤ ጥፊውን ግን አብሬያት ቁጭ ብዬ አየሁት።»