የማረፊያዋ ድምፅ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው «ፌንጣ» ይላታል። በአራት ዓመቷ ታማ ከዳነች ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም። ቀን ቀን ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ማለዳ ማለዳ መቶ ሜትር ትሮጣለች።

ችግሯ አነሳሷ ላይ ነበር።

«ለሌሎቹ ሲተኮስ ላንቺ የሚበራውን የመነሻ መብራት ወዲያው ታያለሽ» አላት አሰልጣኟ በምልክት። «የሚዘገየው እግርሽ ነው። ጉልበትሽን በአንድ ቅጽበት ማውጣት ልመጂ።»

የምልክት ቋንቋ ገና እየተማረ ነው። አንዴ «ዝለዪ» ሊላት ፈልጎ «ቀቅዪ» ብሏት በሳቅ ፈርሳለች።

ጉልበት ድረስ የሚደርስ የእንጨት ሳጥን አመጣላት። ከመሬት ተስፈንጥራ ትወጣለች፤ ከላዩ ወርዳ መሬት እንደነካች መልሳ ትስፈነጠራለች። በሁለተኛው ሳምንት ጠርዙ ቅልጥሟን ላጠው። እናቷ ደሙን ሲያዩ ሜዳው ድረስ መጡ።

«የልጄን እግር ሰብረህ ልታስረክበኝ ነው?»

«እማማ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ጠርዙ አይደለም» አላቸው። «ከብዳ ነው የምታርፈው። ሌሎቹ የገዛ ኮቴያቸውን ሰምተው ያስተካክላሉ። እሷ ጉልበቷን እየጎዳች መሆኗን በምን ትወቅ? እኔም አምስት ሰው ነው የማሠለጥነው፤ አጠገቧ አልውል።»

እናትየው ሲያወጡ ሲያወርዱ አደሩ። ለአገር አቀፉ ውድድር የሚደረገው የሯጮች ምርጫ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ተዪው ቢሏት እንደማትሰማቸው ያውቃሉ፤ በጆሮዋም ሆነ በልቧ። በማግስቱ በርጩማቸውን ይዘው ሳጥኑ ፊት ተቀመጡ። ስታርፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ድው ካለ መዳፋቸውን ግንባራቸው ድረስ ያነሳሉ፤ ቀለል ካለ ጭናቸው ላይ ያሳርፋሉ። ፌንጣ መዳፉን እያየች ጉልበቷን ማጠፍ ለመደች።

የምርጫው ቀን ደረሰ። የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸው። ሯጮቹ መስመር ከያዙ በኋላ ከፌንጣ እጅ ፊት መሬት ላይ የተቀመጠው የመነሻ መብራት አልበራ አለ።

«ባንዲራ አውለበልብላታለሁ» አለ ዳኛው።

«ባንዲራውን ለማየት ቀና ማለት አለባት» አለ አሰልጣኙ። «ቀና ካለች ተቀደመች ማለት ነው። መብራቱ ይሠራላት።»

የሜዳው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ሽቦውን ሲፈታ ሲያስር ግማሽ ሰዓት ሄደ። ፌንጣ ሰውነቷ እንዳይቀዘቅዝ ባለችበት ትዘላለች። እናቷ ከአሁን አሁን ይበራል እያሉ የመቀነታቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ።

በመጨረሻ በራ። ፌንጣ ተፈተለከች፤ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ማንም አልቀደማትም። ሰማንያ ሜትር ላይ አንዷ አለፈቻት። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሌላዋ ትከሻ ለትከሻ ገጠመቻት።

«ምን ሆነች?» አሉ እናትየው።

«እኔም አላየሁም፣ እማማ።»

ዳኞቹ የመጨረሻውን መስመር ፎቶ እስኪያዩ ድረስ ማንም አልተቀመጠም። ከዚያ ዝርዝሩ ተለጠፈ፦ ሁለተኛ። አልፋለች።

እናትየው አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። «ካሁን በኋላ ይበቃል?» ብለው በእጃቸው ጠየቋት።

ፌንጣ «አይበቃም» በማለት ራሷን ነቀነቀች። ሰኞ ሳጥኑን ከፍ የሚያደርግ አንድ ጣውላ ይጨመራል።

እናቷ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ዞረው፣ «ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?» አሉት።