ፌርማታ የሌለው ቤት

ወረርሽኙ ከተማዋን ዝም ባሰኛት ሰሞን፣ ጋሼ ፌርማታ በመዋዕለ ሕፃናቱ ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ ይውል ነበር። ሕፃናቱ ከሄዱ ወር አልፏል፤ ክፍሉን የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር ተውሶታል። ግድግዳው ላይ የተሳሉት ዓሣዎች ከዱቄት ከረጢቱና ከሳሙናው ካርቶን በላይ ይዋኛሉ። የመስኮቱ ብርሃን ወለሉ ላይ እንደ ውሃ ሲንቀሳቀስ፣ ሽማግሌው አንዳንዴ የሚዋኘው ማን እንደሆነ ይጠፋበታል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ልጁ፣ «አባዬ፣ ይሄን የደከመ ሳንባህን ይዘህ አርፈህ ቤት ተቀመጥ» ብላ ብትቆጣው፣ «ቤት ተቀምጦ የሚጠቀመው ሶፋ ብቻ ነው» ብሎ ወጣ።

ማኅበሩን የምትመራው የሰፈሩ ፋርማሲስት ዕድሜውን አይታ በር ለበር መዞሩን ከለከለችው። በምትኩ የማኅበሩን አንድ ለእናቱ የሆነ ስልክ፣ ብቻቸውን ከሚኖሩ የአርባ ሰዎች ዝርዝር ጋር አስረከበችው። በየቀኑ ይደውላል። ትኩሳት አለዎት? ትንፋሽ ያጥርዎታል? መድኃኒት አልቆብዎታል? አልቆብኛል ላለ ሰው ፋርማሲስቷ በዚያው ቀን ይዛ ትሄዳለች። ያልተደወለለትን ግን ማንም አያውቅለትም።

በፊደል ተራ የተጻፈው ዝርዝር ራሱን አዞረው። እሱ ሰውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በሚወርድበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ዝርዝሩን በድሮ አውቶቡሱ መስመር ተራ ደብተሩ ላይ ገለበጠው፤ ከገበያው ተነሥቶ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በድልድዩ፣ እስከ ሆስፒታሉ አጥር። ከዚያ ወዲህ ሥራው ዘፈን ሆነለት። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይደውላል፤ ባዶው አውቶቡስ በባዶው ከተማ ይንሸራተታል፤ በየፌርማታው አንድ ድምፅ ይሳፈራል።

«እንዴት አደሩ?»

«ከአልጋዬ ጋር ተጣልተናል እንጂ ደህና ነኝ። አንተስ፣ ያኔ መልስ ሳትሰጠኝ ያስቀረህብኝን ሳንቲም መቼ ነው የምታመጣው?»

«ይቺማ ወልዳ ከብዳለች፤ አንድ ላይ አመጣታለሁ።»

ዓርብ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። በሕልሙም ያው አውቶቡስ ነው። የልማድ ነገር፣ ከኋላ ጀምሮ ወንበሩን እየነካ ተሳፋሪውን ቆጠረ፤ ሠላሳ ዘጠኝ። ደገመ፤ ሠላሳ ዘጠኝ። በመስኮቱ ሲያይ፣ አውቶቡሱ ታጥፎበት በማያውቀው ዳገት ላይ አንዲት ሴት ዣንጥላ ይዛ ቆማለች። አልተጣራችም፤ እጇንም አላነሣችም።

ብንን ብሎ ደብተሩን ከፋርማሲስቷ ወረቀት ጋር አመሳከረ። የጎደለችው ጡረተኛዋ መምህርት ናት፤ ከዳገቱ አናት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከስሟ ጎን በፋርማሲስቷ እጅ «ስኳር ታማሚ፤ ኢንሱሊን እስከ ረቡዕ» የሚል ተጽፏል። እዚያ አውቶቡስ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ፌርማታ የላትም፤ ስለዚህ ደብተሩ ውስጥ የለችም። ሰው አገሩን አውቃለሁ ሲል፣ የሚያውቀው የተመላለሰበትን መንገድ ነው። ከመንገዱ ገባ ያለው ሁሉ፣ ማንም ክፉ ሳያስብበት፣ እንዲሁ ይጠፋል።

ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፤ የሚያነሣ የለም።

«ልጄ፣» አላት ከካርቶኖቹ አጠገብ ሳሙና የምትቆጥረውን ፋርማሲስት፣ «ሰው ሳልገድል አልቀረሁም።»

ወረቀቱን አይታ ኢንሱሊን ልታመጣ ወደ ፋርማሲዋ ማቀዝቀዣ ሮጠች። «ጋሼ፣ እርስዎ ከዚህ ንቅንቅ እንዳይሉ!» ብትል ማን ሰምቷት፤ እሱ ወጥቷል።

ዳገቱ ለሽማግሌ ምሕረት የለውም። ደረጃውን በእጁም በእግሩም ወጥቶ በሩን አንኳኳ። ጆሮውን ከእንጨቱ ለጠፈ።

«ማነው?» አለ አንድ ድምፅ፣ ከወለሉ አካባቢ።

«ትኬት ቆራጩ ነኝ፣ እትዬ። ከማኅበሩ።»

«አውቶቡስ አልጠራሁም።»

ድምፁ ደረቅ ነው፤ ቢሆንም ድምፅ ነው። ደረጃው ላይ ዘጭ አለ።

«በሩ አልተቆለፈም፤» አለች፣ «አንተ ግን እንዳትገባ፤ የያዘኝን አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ማኅበሩ ጋ ስደውል ተይዟል ይለኛል። ከማን ጋር ነበር የምታወራው?»

መስመሩ ተበላሽቶ ነው ቢል የሚመረምረው አልነበረም። ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ፤ ዋጠው።

«ከሠላሳ ዘጠኝ ሰው ጋር። እርስዎን ዘለልኩዎት፣ እትዬ። ዝርዝሩን በአውቶቡሱ መንገድ ጻፍኩት፤ እዚህ ደግሞ አውቶቡስ አይመጣም።»



«ያን ሁሉ ዘመን የተማሪ ደብተር ተሸክሜ ይሄን ዳገት ስወጣ፣» አለች፣ «አንድ ቀን እንኳ ሾፌሩን እስቲ ታጠፍ አላልከውም?»

«አላልኩትም።»

ፋርማሲስቷ ጭምብሏን አጥልቃ እያለከለከች ደረሰች፤ ሳታየው አልፋ ገባች። የቧንቧ ውሃ ሲወርድ፣ ብርጭቆ ከጥርስ ጋር ሲጋጭ ሰማ።

«እማማ፣ ክንድዎን ይስጡኝ።»

«ቀስ፣ ልጄ።»

ጊዜው ረዘመበት፤ የፀሐይዋ ጨረር ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲወርድ እያየ ቆየ።

«ስኳርዎ በጣም ወጥቷል፤ አምቡላንስ ጠርቻለሁ» አለች ፋርማሲስቷ።

«ሰውዬው ሄደ?»

«የለም፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለዋል። ይሂዱ ልበላቸው?»

«አትበይው፤» አለች መምህርቷ፣ ቃሉን እየቆራረጠች፤ «ይውረድና መታጠፊያው ላይ ይቁም። አምቡላንሱም ይሄን ቤት አያውቀው ይሆናል።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። ወርዶ መታጠፊያው ላይ፣ መሐል መንገድ ቆመና ኮቱን አውልቆ ማውለብለብ ጀመረ፤ መኪናው ገና ሳይታይ።