ካሜራው ያየው ግራ እጄ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ማይኩን ቶሎ እመልሳለሁ ብዬ ለፓስተር ቃል ገብቻለሁ፤ ባለቤቴ ጽጌ አላመነችኝም፣ ይኸው ትስቃለች። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ግን አልቀመጥም።

ድሮ እኔ ማንንም አልፈልግም ነበር። መካኒክነትን ራሴን አስተማርኩ፣ እንግሊዝኛውን ከቲቪ ለቀምኩ። ኤርፖርት ታክሲ ስነዳ አትላንታን ያለ ጂፒኤስ እንደ እኔ የሚያውቃት አልነበረም። አሁንም የለም። እሁድ እሁድ ጽጌን እዚህ አደርስና ፓርኪንግ ላይ ኳስ እሰማ ነበር። እጸልይልሃለሁ ስትለኝ፣ ለሰነፎች ጸልዪ እላት ነበር።

ከዚያ እግሬ ይደነዝዝ ጀመር። ራሴን መርምሬ ሙዝ ነው የጎደለኝ አልኩ፤ ሙዝ በሙዝ ሆንኩ። አንድ እሁድ የመኪናዬ ኤሲ ተበላሸ። መካኒክ አይደለህም ወይ አትበሉኝ። ሙቀቱን ሸሽቼ ወደዚህ አዳራሽ ገባሁና እዚያ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ወደቅኩ። ተንቀጠቀጥኩ። እናንተም ጋኔን መስሏችሁ ገሠጻችሁ። ስነቃ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልረግጥም ብዬ ወጣሁ። ሆስፒታል ደግሞ መንዳት ከለከሉኝ፤ እንጀራዬ ቆመ። ለምን እንደወደቅኩ ግን የሚነግረኝ ጠፋ።

በኋላ ወንድም መስፍን፣ ያ ካሜራ የያዘው፣ ክላርክስተን ድረስ ቤታችን መጣ። ለካ ስወድቅ ቀርጾኛል። አፍሮ፣ ላጥፋው ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። አጥፋው አልኩት።

ጽጌ፣ "አይጠፋም። ዶክተር ያየዋል" አለች።

አንዲት ተመራማሪ ዶክተር ጋ ተላክን። የሚጥል በሽታና ኤምኤስ የሚባለው የነርቭ በሽታ አንድ ሰው ላይ ለምን እንደሚገናኙ ስታጠና የኖረች ናት። ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍታ ደጋግማ አየችው። ሰዉ ሁሉ ሲጮህ እሷ የምታየው ግራ እጄን ነው። ገና ሳልወድቅ ጣቶቼ ብቻቸውን ይንቀጠቀጣሉ።

"ሁሉም መውደቁን ይነግረኛል፤ አጀማመሩን ያመጣልኝ ጥቂት ነው" አለች።

ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ሁለቱም አሉብኝ። ነርቭም የሽቦ ላስቲክ ሲላጥ ብልጭ እንደሚለው ነው ብላ አስረዳችኝ። ይሄማ የእኔ ሙያ ነው፣ ወዲያው ገባኝ። ሌላው ሰው አንድ በሽታ ይታመማል፣ እኔ ጥንድ። ክብር ለስሙ ይሁን።

እድናለሁ ወይ አልኳት። "አድንሃለሁ አልልህም። መፈለግ ግን አላቆምም" አለችኝ።

ይቺ ቃል ሆዴ ገባች። ስንመለስ ጽጌ እየነዳች መስፍን ጋ ደወልኩ። ካሜራህ መዘምራኑ ላይ ነበር፤ ወደ እኔ ለምን ዞረ አልኩት።

"እኔ አላዞርኩትም ወንድሜ፤ ስታንዱ ላልቶ ነው መሰለኝ።"

ስንት የላላ ብሎን አጥብቄያለሁ፤ እንዲህ በሰዓቱ የላላ አላየሁም። እኔ ፓርኪንግ ላይ ኳስ ስሰማ ጌታ ሲፈልገኝ ኖሯል ለካ። ሃሌሉያ። መስፍንን ጸልይልኝ አልኩት። እዚያው በስልክ ጌታን ተቀበልኩ። ጽጌ እያለቀሰች መንዳት ስላልቻለች መኪናውን ዳር አቆመች።

ዛሬ ከወደቅኩ ቆይቻለሁ። ጌታ ይባረክ። እግሬ ገና ነው፣ ከዘራዬ ይኸው። መድኃኒቴን አልዘልም፤ ለጥናቱ በጠሩኝ ቁጥር እሄዳለሁ። ላይሰንሴንም እመልሳለሁ፤ እስከዚያ ጽጌ ትነዳለች፣ እኔ መንገድ እመራለሁ።

ወገኖቼ፣ የሚወድቅ ልጅ፣ የሚወድቅ ወንድም ቤት ደብቃችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ጌታን እመኑት። ጸልዩ፣ ሕመምተኛውንም ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ካፈራችሁ እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

መስፍን፣ ካሜራውን ወደዚህ አዙረው። ዛሬ ስታንዱ እስኪላላ አንጠብቅም። ቆሜያለሁ።